ልኬት የማይወስዱ ሰፊዎች

«ጫማውን ደብቂው» የሚል ድምፅ ከግድግዳው ማዶ ሲመጣ ልብስ ሰፊው ከሚል የገለጠው ገና አንድ ዓይኑን ነበር። ግድግዳ ይባል እንጂ በካርቶንና በአሮጌ ጋዜጣ የተለበጠ ኮምፔንሳቶ ነው፤ በዚህ በኩል ያሰቡትን በዚያ በኩል ይሰሙታል። ድምፁ የእናቱ የሀጂራ ነው። ሀጂራ ሰባ ዓመት አልፏታል፤ ሆኖም ሹክ ስትል ሦስተኛው ሰፈር ድረስ ይደርሳል።

«የትኛውን?» አለች ሚስቱ ለምያ።

«ሁለቱንም እግር ነዋ! ባዶ እግሩን ሆስፒታል አይሄድ። አሥር ወር ሙሉ ቀዩን ቁስል ጠብቄ፣ ዓይኔ እያየ ነጣልኝ፣ ዳነልኝ ስል፣ አሁን የዳነውን እንቁረጠው ይላሉ? የዳነ ቁስል ይነካል? የት አገር ተሰምቶ ያውቃል?»

ትንሽ ቆይቶ የሆነ በርሜል ክዳን ሲነሳ ተሰማ።

ከሚል በቦንጋ አንደኛ ልብስ ሰፊ ነው፤ እሱን ከጠየቃችሁት ደግሞ ከጅማ ወዲህ ባለው አገር ሁሉ አንደኛ ነው። ባለፈው መስከረም በከሰል ካውያ ሲተኩስ የካውያው ክዳን ተበርግዶ ፍሙ ወረደ። ከሥሩ ተነጥፎ የነበረው የአንድ የዞን ባለሥልጣን ግራጫ ሱፍ ነው፤ ሰውየው በማግስቱ ግምገማ ይገባል። ሌላ ሰው ቢሆን እጁን ይሰበስብ ነበር። ከሚል ግን ልብስ ሰፊ ነዋ! ቀኝ መዳፉን ዘርግቶ ፍሙን ቀለበው። ሱፉ ዳነ፣ ባለሥልጣኑም ግምገማውን በሰላም አለፈ፣ የነደደው የከሚል መዳፍ ብቻ ሆነ። ፍሞቹ በወሬው ውስጥ በመጀመሪያው ሳምንት ሦስት ነበሩ። ጥር ላይ አሥራ አምስት ደረሱ። ሚያዝያ ላይ አንድ የማንኪራ ማር ሻጭ ታሪኩን ለራሱ ለከሚል ሲተርክለት አንድ ምድጃ ሙሉ ፍም ሆኖ ነበር፤ ከሚልም አላረመውም።

ቁስሉን ስታጥብለት የከረመችው ከደብረ ማርቆስ ተመድባ የመጣችው ሲስተር ሠናይት ናት። ቁስሉ ቀልቶ፣ በነኩት ቁጥር ደም ደም ሲል ሀጂራ ልትጮህ አፏን ስትከፍት፣ «እማማ፣ ቀይ መሆኑ ጥሩ ነው፤ አዳዲስ ቀጫጭን የደም ሥሮች ገብተውበት ነው። ምግብ የሚያደርሱለት እነሱ ናቸው» ብላ ዝም አሰኘቻት። ለከሚል ደግሞ ስለ ጠጋኞቹ ሕዋሳት ነገረችው፦ በዓይን የማይታዩ ናቸው፣ ቁስል ባለበት ተጠራርተው ይመጣሉ፣ ክር ይፈትላሉ፣ ክሩንም ይዘው ወደ መሐል ይጎትታሉ፣ ቁስሉ እየጠበበ እየጠበበ ይገጥማል። «ልክ እንደ እርስዎ ሰፊዎች ናቸው» አለችው። ከሚል ተቆጣ።

«ልኬት ይወስዳሉ?»

«አይወስዱም።»

«ታዲያ ምናቸው እኔን ይመስላል! ዝም ብሎ የሚጎትት ጆንያ ሰፊ ነው።»

ሠናይት በጆንያ ሰፊነታቸው ተስማማች። እንዳሻቸው ከተዋቸው አውራ ጣቱን ጎትተው ከመዳፉ ጋር ይሰፉታል፤ ስለዚህ ጣቶቹን ዘርግታ እጁን በስስ ሳንቃ ላይ በፋሻ አሰረችው፣ ሲተኛም እንዳይፈታ አስጠነቀቀች። ይህን የሰማች እናት ናት እንግዲህ፣ ልጇ በተኛ ቁጥር ቀስ ብላ መጥታ ፋሻውን የምትፈታው። ጣቶቹን እንደ ሕፃን ጣት ሰብስባ ታስጨብጠዋለች፣ ሊነጋ ሲል መልሳ ታስራለች። ከሚልም በዚያ ሰዓት አንድም ቀን ተኝቶ አልነበረም። ሲፈታለት የሚሰማው እፎይታ ከማር ይጣፍጣል፤ ዓይኑን ጨፍኖ ያንኮራፋል። እናትና ልጅ ስለዚህ ነገር እስከ ዛሬ አንድ ቃል አልተነጋገሩም። ቁስሉ ገጠመ፣ ጠባሳው ወራት ቆይቶ ከቀይ ወደ ነጭ ሄደ፣ ከአውራ ጣቱ እስከ ሌባ ጣቱ ሥር ደግሞ እንደ ተወጠረ የልብስ ማስጫ ገመድ የመሰለ ነገር ቆሞ ቀረ። አውራ ጣቱ አይከፈትም። መቀስ ደግሞ ያለ አውራ ጣት ሁለት ቢላዋ ነው።

ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ዶክተር ግዛቸው የሚባል የቀዶ ጥገና ሐኪም ከጅማ ለሦስት ቀን መጣ። የከሚልን እጅ አይቶ፣ ጠባሳው ነጥቶ ስለረጋ አሁን ጊዜው ነው፣ ገመዱን በዚግዛግ ቆርጬ አስረዝመዋለሁ አለ። ሦስተኛው ቀን ዛሬ ነው። መኪናው አሥር ሰዓት ላይ ይነሳል፣ ተመልሶ የሚመጣበትን ቀን ደግሞ አላህና በጀት ብቻ ናቸው የሚያውቁት። ከሚል የአርባ ስድስት ዓመት ሰው ነው፤ ራሱ ፈርሞ መግባት ይችላል። ግን ያለ እናቱ ዱዓ እዚሁ ቅርብ ደካ ድረስ እንኳ ቁልፍ ሊገዛ ሄዶ አያውቅም፤ ያለ ዱዓዋ በቢላዋ ሥር መተኛት በሐሳቡም አልመጣም።

እናም ተነሳ፣ ከጉሮሮው እስከ ቁርጭምጭሚቱ እንከን የማይወጣለትን ጥቁር ሱፉን ለበሰ፣ በእግሩ የሚስቱን ቢጫ የላስቲክ ጫማ አጠለቀ፣ ወደ ሱቁ ወረደ። ዝናብ ይዘንብ ነበር። በቦንጋ በዓመት አሥራ አራት ወር ስለሚዘንብ ይህ ወሬ አይሆንም። ቢጫው ጫማ ግን ወሬ ሆነ፤ ከመስጊዱ እስከ ሱቁ በረንዳ ያሉት ሻይ ቤቶች ሁሉ ሰላምታ የሰጡት ወደ እግሩ እያዩ ነው። «ፋሽን ነው፣ ገና አልደረሰላችሁም» እያለ አለፈ።

ሱቁ አንድ በር፣ አንድ የስፌት መኪና፣ አንድ የቆመ መስተዋትና አንድ ሰፊ የመቁረጫ ጠረጴዛ ነው። ከመስከረም ወዲህ መኪናው ላይ የምትቀመጠው ለምያ ናት። ቀጥ ያለ ስፌት ይወጣላታል፤ ሱሪ ማሳጠር፣ ዚፕ መቀየር፣ የተማሪ ዩኒፎርም ትሠራለች። ሱሪ በሠላሳ ብር፣ ዩኒፎርም በሃያ አምስት። ሱፍ መቁረጥ ግን ሌላ ዓለም ነው። ከሚል በግራ እጁ ሞክሯል፤ ግራ እጁ ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ ቀኙን ሲያደንቅ የኖረ ሥራ ፈት ነው። ያ ሥራ ፈት የቆረጠውን ኮት ሊለካ ዛሬ የመጣው የግብርና ቢሮው ጋሽ ፈለቀ ነው። መስተዋቱ ፊት ቆሞ ሁለቱን እጆቹን ወደ ፊት ዘረጋ። የቀኙ እጅጌ አንጓው ላይ አረፈ። የግራው ጣቶቹን ውጦ አልፏል።

«ከሚል» አለ ጋሽ ፈለቀ፣ «ይሄ ኮት የኔ ነው ወይስ የኔና የጎረቤቴ?»

«ጋሽ ፈለቀ፣ ትከሻዎ ነው። የግራው ወደ ታች ወርዷል። ወንበር ላይ ሲቀመጡ ይደገፋሉ?»

«ሃያ ዓመት የሰፋህልኝ ትከሻ ዛሬ ወረደ?» እያለ ኮቱን አወለቀ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አትቀየመኝ። ልጅቱ ሠርጓ በነሐሴ ነው፤ ቆሜ የምዳራት እኔ ነኝ። ሳልባጅ ተራ አንድ ግራጫ አይቻለሁ፣ መቶ አርባ ይላሉ። ቢያንስ ሁለቱ እጅጌዎች ይተዋወቃሉ።»

ሄደ። ሳልባጅ የሚለው ቃል በረንዳው ላይ ቀረ። የሞተ ፈረንጅ ኮት ከከሚል ኮት ሲመረጥ ይህ በታሪክ የመጀመሪያው ነው፤ ከሚል ይህን ቢነግሩት ባላመነ ነበር፣ ግን ነገሩ እፊቱ ሆነ። ጠረጴዛው ላይ የተኛውን ትልቁን መቀስ አነሳ፣ አውራ ጣቱን በቀለበቱ ሊያሾልክ ታገለ፣ ገመዱ ተወጠረ፣ ነጣ፣ እምቢ አለ። መቀሱን መልሶ አስቀመጠው። ለምያ መኪናውን አቁማ ታየው ነበር። ውጪ ጭነት የያዘ አይሱዙ በጭቃው ውስጥ እየተንገዳገደ አለፈ፣ መስተዋቱ ትንሽ ተንቀጠቀጠ፣ ቆመ።

«ጫማህ ዱቄት በርሜሉ ውስጥ ነው» አለች በመጨረሻ።

«አውቃለሁ። ክዳኑን ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ ለምን የኔን አደረግህ?»

«የደበቀችውን ባወጣባት ታዝናለቻ።»

ለምያ ሳቋን ዋጠች። «እንዲህ ካዘንክላት በአፍህ አታስረዳት። አፍህን ለምዳዋለች፤ ካልከው ውስጥ ግማሹን ጥላ፣ የቀረውን ደግሞ ለሦስት አካፍላ ነው የምትሰማህ። በጨርቅ አሳያት።»

ሀጂራ ስድስት ሰዓት ላይ ምሳ ይዛ መጣች። ቆጮና ጎመን፣ በላዩ ሳህን የተደፋበት። ቢጫውን ጫማ አየች፣ ቀና ብላ ልጇን አየች፣ ትሪውን አቀረበች። ሲበሉ ስለ ዝናቡ አወሩ፣ ኮረሪማ ስለመወደዱ አወሩ፣ የቡና ዋጋ ዘንድሮ ምን ይሆን ተባባሉ። እጁ በትሪውና በእሷ መሐል ተቀምጦ ነበር፤ ግራው እየበላ ቀኙ እንግዳ ይመስል ጥግ ይዟል። ሳህኑ ከተነሳ በኋላ ከሚል ከአቡጀዴ ክንድ የሚያህል ቁራጭ አወጣ። በጠመኔ መሐሉ ላይ አንድ ቀጥ ያለ መስመር ጎተተ።

«ይቺ ጠባሳዬ ናት፣ እማ። ለኪያት።»

ሀጂራ ማንበብ አታውቅም፣ ልኬት ግን ታውቃለች። አራት ጣት ሆነ። ከሚል ከመስመሩ ራስ ወዲህ፣ ከመስመሩ እግር ወዲያ ሁለት ሰያፍ መስመር ጨመረ። ለምያ ቆረጠች። ሁለት ሦስት ማዕዘኖች ተላቀቁ። ለምያ የላይኛውን ወደ ታች፣ የታችኛውን ወደ ላይ አዛወረችና ጫፍ ለጫፍ ሰፋቻቸው። ጨርቁ በጎኑ ጠበበ፣ በርዝመቱ ተዘረጋ። ሀጂራ ባታምን በጣቷ ለካች፣ ደግማ ለካች። ሰባት ጣት ሊሞላ ጥቂት ቀረው።

«ከየት መጣ?»

«ከጎኑ ነዋ። አዲስ ጨርቅ አልገባም። ብብቱ የያዘ ኮት ሲመጣልኝ እኮ እንዲህ ነው የማደርገው። ዶክተሩ ራሱ ይቺን ከልብስ ሰፊ ነው የተማራት፤ ምናልባትም ከኔ።»

የመጨረሻውን ሳትሰማው አለፈች። ጨርቁን ይዛ ወደ ብርሃን አደረገችው፣ ስፌቱን በጥፍሯ ሄደችበት። «ጨርቅ አያመውም» አለች። ይህን ያለችው ለጨርቁ ነው እንጂ ለእሱ አልነበረም። ከዚያ ነጠላዋን አስተካከለች። «ተነስ። ሰውየውን ልየው። ዓይኑን ካላየሁ ዱዓዬን አልሰጥም።»

ሆስፒታሉ ዳገት ነው፤ በቢጫ ጫማ ደግሞ ዳገቱ ለሁለት ይታጠፋል። አግዳሚው ላይ ከቢታ ገነት በሌሊት የተነሱ ሰዎች ተቀምጠዋል፣ ሁለት ሴቶች በካፊኖኖ ዝግ ብለው ያወራሉ፣ የጭቃና የአልኮል ሽታ ተቀላቅሏል። ተራ ሲደርሳቸው ስምንት ሰዓት ሆኖ ነበር። ዶክተር ግዛቸው ዕድሜው ከከሚል ካውያ ያንሳል። ሀጂራ ፊት ለፊቱ ቆማ ዓይኑን ረጋ ብላ አየችው፤ ሰውየውም ተራውን ዞር ሳይል ታየላት። ከዚያ የከሚልን መዳፍ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ በሰማያዊ እስክሪብቶ ገመዱን ተከትሎ አሰመረ፣ ከሁለቱ ጫፍ ሰያፍ አወጣ።

«እዚህ ላይ ይቅርታ» አለ ከሚል አንገቱን አስግጎ። «ማዕዘኑን ቢያሾሉት ያምራል። በጣም ዶለዶመ።»

ሲስተር ሠናይት በአፏ ላይ እጇን ጫነች።

«ሲሾል ያምራል» አለ ዶክተሩ። «ለጨርቅ። ጨርቅ ደም የለውም፣ ጋሽ ከሚል። ይሄ ቁራጭ ሲዛወር ከሥሩ ብቻ ነው የሚያያዘው፤ ደም በዚያ ገብቶ እስከ ጫፉ ድረስ በእግሩ መሄድ አለበት። ሥሩን ሰፋ፣ ጫፉን ደፈን ካላደረግሁት ደሙ መንገድ ላይ ይቀራል፣ ጫፉ ይጠቁራል፣ ይሞታል። ስለዚህ ስልሳ ዲግሪ።»

ከሚል ሠላሳ ዓመት መቀስ ሲይዝ ይህን ማንም አልነገረውም። ጫፉ ድረስ መመገብ ያለበት ልብስ! ተገረመ፣ ተደሰተ፣ እንደ ልማዱም «አዎ፣ እኔም ስልሳ ማለቴ ነበር» አለ።

ዶክተሩ እስክሪብቶውን ሳይከድን ጠየቀ። «ሲድን እጁ በሳንቃ አልታሰረም ነበር እንዴ? እንዲህ የሚስበው ታጥፎ የዳነ ነው።»

«እኔ ራሴ ነኝ ያሰርኩት» አለች ሠናይት። «ሁልጊዜ ጠዋት ታስሮ ነው የሚመጣው።»

ሀጂራ የነጠላዋን ጥለት በጣቷ ጠቀለለች፣ ፈታች፣ ጠቀለለች። ከሚል ያንን ጣት አየና አፉን ከፈተ።

«እኔ ነኝ የፈታሁት! በእንቅልፌ። እኔ እኮ ስተኛ ጉልበቴ አይጣል ነው፤ አንድ ጊዜ የአልጋ ቋሚ ነቅያለሁ፣ ሚስቴን ጠይቋት። ፋሻ ለኔ ምንድነው፣ በሰንሰለት ብታስሩኝም…»

«ውሸቱን ነው» አለች ሀጂራ።

«እማ…»

«ዝም በል። እኔ ነኝ የፈታሁት፣ ልጄ» አለችው ለዶክተሩ። «አንድ ወር ሙሉ። እሱ ተኝቶ ነው፣ አያውቅም። የታሰረ እጅ አሳዘነኝ። ጠዋት መልሼ አስራለሁ። አሁን ልቁረጠው ስትለኝ እኔ ያበላሸሁትን ልትቆርጥ መሆኑ ነው፤ ለዚህ ነው እምቢ ያልኩት። ሌላ ምክንያት የለኝም።»

ከሚል ወለሉን አየ። አያውቅም የተባለው ሰው አንድ ወር ሙሉ አንኮራፍቷል። «አውቅ ነበር እማ» አለ፤ ድምፁ በሕይወቱ እንዲህ አንሶ አያውቅም። «ነቅቼ ነበር። ደስ ይለኝ ነበር።»

ዶክተሩ ወንበር ስቦ ከሀጂራ ፊት ተቀመጠ። «እማማ፣ አልዋሽዎትም። ባይፈታ ኖሮ ይሻል ነበር። ግን እነዚያ ሕዋሳት ታስረውም ይጎትታሉ፤ ሥራቸው ነው። የሚያቆሙት ሲጨርሱ ነው። አሁን ጨርሰዋል፣ እኔ ደግሞ ቅዱን ላስተካክል ነው።»

ሀጂራ ትንሽ አሰበች። ከዚያ ሁለት እጆቿን ዘርግታ፣ እዚያው የመድኃኒት ብልቃጡና ጓንቱ መሐል ዱዓዋን አደረገች፤ ረጅም ነበር፣ ጅማን፣ መንገዱን፣ የዶክተሩን እናት፣ ሲስተር ሠናይትን ሁሉ አካተተ። ሲያበቃ ሁሉም «አሚን» አሉ፤ የደብረ ማርቆሷ ሠናይት ከሁሉም በላይ ጮክ አለች።

የቀረው ሥራ ሠላሳ ደቂቃ አልፈጀም፤ ከሚል በኋላ ሲያወራው ግን አምስት ሰዓት ፈጅቷል። እጁን በመርፌ አደነዘዙት፣ ላይ ክንዱን የደም ግፊት መለኪያ በመሰለ ጎማ አንቀው ደሙን አገዱት፣ የሚቆረጠው ቦታ በደም እንዳይጥለቀለቅ። እሱ ተኝቶ አንገቱን አዙሮ ያያል። ሲቆረጥ አየ። ገመዱ ሲላላ አየ። ሁለቱ ሦስት ማዕዘኖች ቦታ ሲለዋወጡ፣ አውራ ጣቱም በአሥር ወሩ ከመዳፉ ተነጥሎ እንደ በር ሲከፈት አየ። ዶክተሩ ሲሰፋ ከሚል «ጠበቅ አታድርጉት፣ ጠበቅ አታድርጉት፣ ይጨማደዳል» ይል ነበር፣ ዶክተሩም «እሺ ጌታዬ» ይል ነበር። የመጨረሻው ክር ተቆረጠ። ቁራጮቹ እንደ ሻማ ነጭ ነበሩ።

«አሁን ጎማውን እናላላለን» አለ ዶክተሩ። «ከዚህ በኋላ የምንሰፋው የለም። ደሙ ጫፉ ድረስ ከሄደ ሄደ።»

አየሩ ከጎማው እየተነፈሰ ወጣ። መጀመሪያ ክንዱን ሞቀው። ከዚያ መዳፉ ዙሪያውን ቀላ። ከዚያ የአንደኛው ቁራጭ ሥር፣ ከዚያ ወገቡ። የሁለተኛው ጫፍ ግን ነጭ ነበር። ነጭ ሆኖ ቆየ። ከሚል በአገሩ ሁሉ የታወቀ አፉን ዘግቶ አንዲት የስንዴ ቅንጣት የምታህል ነጭ ቆዳ ላይ ዓይኑን ተከለ። ዶክተሩ በጓንቱ ጫፍ ዳሰስ አደረጋት። ጠበቀ። ደግሞ ዳሰሳት። ከሥሯ በኩል እንደ ማለዳ ሰማይ አንድ ስስ ቀለም ገባባት፣ ተንፏቀቀ፣ ጫፏ ላይ ደረሰ።

«ደረሰ» አለ ዶክተሩ።

ከሚል በዚህኛው ላይ ምንም አልጨመረበትም። «እማን ጥሪልኝ» አለ ለሠናይት። «ሳይሸፈን ትየው።»

ሀጂራን አረንጓዴ ጋውን አልብሰው በሩ ላይ አቆሟት። ከዚያ አልፋ እንዳትገባ ሠናይት ክንዷን ይዛለች። የተከፈተውን እጅ አየች፣ የዚግዛጉን ስፌት አየች፣ ጫፉን አየች።

«ቀላ?» አለች።

«ቀላ፣ እማ።»

ከዚያ ወደ ጠረጴዛው፣ አዲሱ ፋሻ ወደተጠቀለለበት፣ በአገጯ አመለከተች።

«እንግዲያው እሰሩት» አለች። «ጠበቅ አድርጋችሁ።»